ሶፊያ ሎረንን በስድስት ቅዳሜ እንዴት ማየት ይቻላል

ልብስ ሰፊ ነኝ። ፒያሳ ስሰፋ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። ከስፌት መኪናዬ በላይ ከድሮ መጽሔት የተቀደደ የአንዲት ሴት ፎቶ ተለጥፏል። ዓይኗ ረዘም ተደርጎ ተኩሏል፤ ወገቧ ቅጥን ብሏል፤ ትከሻዋ ተገልጧል። ደንበኛ ሁሉ ጣቱን እሷ ላይ ቀስሮ «እንደዚህ አድርጊልኝ» ይለኛል። ማን መሆኗን ስጠይቅ ግን መልሱ ያው ነው፤ «ያቺ ጣልያኗ ናት አይደል?»

አዎ፣ ጣልያኗ ናት። ሶፊያ ሎረን። ፎቶዋን ያላየ የለም። ፊልሟን አይቶ የሚያወራኝ ደንበኛ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እኔም ብሆን ለሃያ ምናምን ዓመት የማውቀው ያንን ፎቶ ብቻ ነበር። የቀሚሱን ቅድ አውቀዋለሁ፤ ሴትየዋን አላውቃትም።

አንድ ሐምሌ ላይ ሥራ ሲቀዘቅዝ ጎረቤቶቼን ሳሎኔ ሰብስቤ ፊልሞቿን በተራ ማየት ጀመርን። ሁለት ጊዜ አበላሽቼ በሦስተኛው ተሳካልኝ። እናንተም ቤታችሁ ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ። የእሷን ዓመቶች የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እጨምርበታለሁ።

ከማሳየታችሁ በፊት

ስድስት ሰባት ሰው ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ወሬው ፊልሙን ይበልጠዋል። የእኔዎቹ የድሮ የሰፈር ሰዎች ናቸው። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ብዙዎቹ ከከተማው ዳር ገብተዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በታክሲ ይመጣሉ። ስለዚህ በዘጠኝ ሰዓት ጀምረን ሳይመሽ እንጨርሳለን። አንድ ሰዓት ካለፈ ታክሲ የሚያገኝላቸው የለም።

ሦስቱን ላስተዋውቃችሁ፤ ደጋግሜ ስለማነሳቸው ነው። እትዬ በለጡ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። በልጅነታቸው እዚሁ አዲስ አበባ ጣልያን ቤት ተቀጥረው ሠርተዋል፤ የወጥ ቤት ጣልያንኛ ይችላሉ። ጋሽ ተፈራ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። የእሳቸው ጣልያንኛ ደግሞ ከመኪና አይወርድም፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ጎማ። አባታቸው አርበኛ ነበሩ። ሜሮን የእህቴ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ተርጓሚያችን እሷ ናት።

ፕሮጀክተር ተዋሱ ወይም ተከራዩ። ለመስቀያው ነጭ አንሶላ፣ አልጋው ላይ የቆየ ሳይሆን ደህናውን አውጡ። በርጥቡ ተኩሱት። አንዲት እጥፋት ካለች የሴትየዋ ፊት ላይ ጠባሳ ሆና ትወጣለች። ላይና ታቹን በመርፌ ቁልፍ ወጥሩት። ነጠላ አትሞክሩ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ነጠላ ሰቅዬ ብርሃኑ አልፎ ሄደና ግድግዳው ላይ ሁለተኛ ሶፊያ አወጣ። ጥበቡም አገጯ ላይ አርፎ ጺም አበቀለላት።

በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ስላለ መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ሸፍኑ። ፊልሙን ዓርብ ማታ ላፕቶፑ ላይ አዘጋጁት፤ ኔትወርክ አትመኑ። ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይኑረው። መብራት ከሄደ ፕሮጀክተሩ ይጠፋል፤ ያኔ ሁላችሁም ላፕቶፑን ከባችሁ ትጨርሳላችሁ። ቡናው ከሰል ላይ ስለሆነ ለእሱ አታስቡ።

አሁን ዋናው። ጣልያንኛ የሚናገረውን ቅጂ ፈልጉ። በእንግሊዝኛ የተቀዳ ድምፅ ያለው ቅጂ አለ፤ ተዉት። የናፖሊ ሰው ሲጣላ የሚሰማውን ድምፅ እንግሊዝኛ አያወጣውም። ተርጓሚው ከሽማግሌዎቹ ጎን ይቀመጥና ከግርጌ ያለውን ጽሑፍ እያነበበ በአማርኛ ይንገራቸው፤ ሁሉን ግን አይተርጉም። ሜሮን መጀመሪያ እያንዳንዱን ቃል ስትል ትንፋሽ አጥሯት ነበር። አሁን ሲጨቃጨቁ ዝም ትላለች፤ ጭቅጭቅ በየትኛውም ቋንቋ ይገባል። ነገር ሲዞር ብቻ ትናገራለች። ደግሞ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ቃል ይለቅማሉ። «ፎርኖ አለች!» ይላሉ እትዬ በለጡ። «ማኪና!» ይላሉ ጋሽ ተፈራ። ተዉአቸው ይበሉ። ግማሹ ደስታ እሱ ነው።

የመጋረጃው ታሪክ

ፊልም ከመክፈታችሁ በፊት የአንድ ስኒ ቡና ያህል ጊዜ ወስዳችሁ ልጅነቷን ንገሯቸው። የኔ ሰዎች ሴትየዋን የወደዷት እዚህ ላይ ነው።

በ1934 ሮም ተወለደች። ሎረን በኋላ የወጣላት ስም ነው፤ የአባቷ ስም ሺኮሎኔ ነው። አባትየው እናቷን አላገባም። እናቲቱ ሮሚልዳ ፒያኖ የምትጫወት ቆንጆ ነበረች። ግሬታ ጋርቦ የምትባለውን የዘመኑን ኮከብ በመምሰል ውድድር አሸንፋ አሜሪካ ልትሄድ ስትል ቤተሰቦቿ አይሆንም አሉ። ልጅቷን ይዛ ናፖሊ አጠገብ ፖትሶሊ ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ወላጆቿ ቤት ገባች። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ቦንብ ሲወርድ የባቡር መሿለኪያ ውስጥ ያድሩ ነበር። ፍንጣሪ አገጯን መትቷታል። በርሃብ ከመቅጠኗ የተነሳ ትምህርት ቤት «የጥርስ መጎርጎሪያ» ይሏት ነበር። ያ ፎቶዬ ላይ ያለው ወገብ ታሪኩ እንዲህ ነው።

ጋሽ ተፈራ እዚህ ጋ አቋረጡኝ። «የጣልያን ነው እንዴ ልታሳዪን የጠራሽን?» አሉ። ጣልያን አገራችንን ሲወር እሷ ገና አንድ ዓመቷ ነበር አልኳቸው። ዝም አሉ፤ ግን ባርኔጣቸውን አላወለቁም።

አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ናፖሊ ውስጥ የቁንጅና ውድድር ወጣ። ልብስ የለም። አያቷ ሳሎን የተሰቀለውን ሮዝ መጋረጃ አወረዱና ቀሚስ ሰፉላት። ጥቁር ጫማዋን ነጭ ቀቡት። እኔ እንደ ሙያዬ ይህን ስሰማ መጋረጃ ማለት ምን እንደሆነ አስባለሁ። ጨርቁ ከባድ ነው፤ ወገብ ላይ አይቀመጥም፤ ሽንሽኑ ይደርቃል። ፀሐይ የመታው ጎን ቀለሙ የለቀቀ ነው፤ ያንን ወደ ውስጥ ማጠፍ አለባችሁ። አያትየዋ እጃቸው ይባረክ። አንደኛ አልወጣችም፤ ከተሸላሚዎቹ ውስጥ ግን ገባች። ከሽልማቱ መሃል የግድግዳ ወረቀትና የሮም የባቡር ቲኬት ነበሩበት። ወረቀቱ ቤት ቀረ፤ በቲኬቱ እናትና ልጅ ሮም ሄዱ።

ሮም ስትደርስ «ኮ ቫዲስ» የሚባለው ትልቅ ፊልም ውስጥ ከአጃቢው ሕዝብ መሃል ቆማ ገንዘብ አገኘች። ለፎቶ ልብወለድ መጽሔቶችም ትሠራ ነበር። ካሜራ ሰዎች አፍንጫሽ ረዝሟል፣ አፍሽ ሰፍቷል አሏት። ኋላ ባሏ የሆነው ፕሮዲውሰር ካርሎ ፖንቲ ራሱ አፍንጫሽን ብታስተካክይውስ ብሏታል። አሻፈረኝ አለች። አፍንጫዋ እስከ ዛሬ የራሷ ነው።

አንድ ነገር እዚህ አንሱላቸው፣ ይስቃሉ። በ1953 ከጣልያኑ ሙዚቀኛ ከቬርዲ ኦፔራ በተሠራ ፊልም ላይ ሶፊያ አይዳን ሆና ተጫውታለች። አይዳ ማለት ግብፅ የተማረከችው የኢትዮጵያ ልዕልት ናት። ፊቷን ጥቁር ቀብተው፣ ሬናታ ቴባልዲ የምትባል ዘፋኝ እየዘፈነች፣ ሶፊያ አፏን ታንቀሳቅሳለች። አሥር ደቂቃ ብቻ አሳየኋቸው። እትዬ በለጡ «ይቺ ደግሞ የየት አገር ኢትዮጵያዊት ናት?» አሉ። የእኛ ሰፈር ብቻ ሦስት አይዳ አለ፤ አንዷም እሷን አትመስልም።

አንደኛ ቅዳሜ፦ ፒዛዋ

እኔ መጀመሪያ የጀመርኩት ከሆሊዉድ ፊልሟ ነበር። ቀሚሱ የሚያምረው እዚያ ነው ብዬ። ሰዉ ሁሉ እንቅልፍ ወሰደው። ስለዚህ ስሙኝ፤ ከ1954ቱ «የናፖሊ ወርቅ» ጀምሩ። ቪቶርዮ ዴ ሲካ ነው ያዘጋጀው። ፊልሙ በርካታ አጫጭር ታሪኮች አሉት፤ እናንተ የፒዛ ሻጮቹን ብቻ ምረጡ።

ባልና ሚስት ፒዛ ጠብሰው ይሸጣሉ። ዛሬ ብላ፣ በስምንት ቀን ክፈል ነው ንግዳቸው። የእኛ ሰፈር ሱቅ «ዱቤ ዛሬ የለም» ብሎ ይለጥፋል፤ እነሱ ደግሞ በዱቤ ነው የሚኖሩት። ሚስትየው ውሽማዋ ዘንድ ቀለበቷን ረስታ ትመጣለች። ሊጡ ውስጥ ገብቶ ይሆናል ተብሎ ባልየው የዕለቱን ፒዛ የበሉትን ሁሉ ቤት ለቤት ይዟት ይዞራል። ታሪኩ ይኸው ነው። የኔ ሳሎን በሳቅ ሊፈርስ ነበር።

ፊቷን ተዉትና እጇን እዩ። ሊጡን ስትመታ፣ ስታጥፍ፣ ዘይት ውስጥ ስትጥል፣ በዚያው እጅ ገንዘብ ስትቀበል። ይህን የሚሠራ ሰው ሠርቶ ያውቃል፤ ወይም ሲሠራ እያየ አድጓል። መጨረሻ ላይ ዝናብ እየዘነበ ሰፈሩን አቋርጣ ትሄዳለች። ልብሱ ርሶ ተጣብቋል፤ ደረቷን ነፍታ ነው የምትራመደው። በዚያ አረማመድ ነው የጣልያን ሕዝብ የያዛት። ዳግመኛ አሳዩን አሉ፤ አሳየሁ።

ሁለተኛ ቅዳሜ፦ ሆሊዉድ፣ ቶሎ እለፉት

ከ1950ዎቹ ማብቂያ ለአሜሪካኖች ሠርታለች። ሙሉ ፊልም አታሳዩ። ከ1958ቱ «ሃውስቦት» ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ከተዋናዩ ኬሪ ግራንት ጋር ነው። ልብሷን ያዘጋጀችው ኢዲት ሄድ ናት፤ በሙያው 8 ኦስካር የወሰደች። ስፌቱን ስቴፕ በስቴፕ አቁሜ አይቼዋለሁ፤ እንከን የለውም። ችግሩም እሱ ነው። ልብሱ እሷን ይለብሳታል እንጂ እሷ አትለብሰውም።

ለሳቅ ይህን ጨምሩ። አንድ ፊልም ላይ አብሯት የሚሠራው አላን ላድ ከእሷ ያጥር ነበር። እኩል እንዲሆኑ መሬት ቆፍረው እሷን ቦዩ ውስጥ አስኬዷት። ጋሽ ተፈራ «እሱን ድንጋይ ላይ አያቆሙትም ነበር?» አሉ። ቀሪውን ሰዓት ቡና ጠጣን።

ሦስተኛ ቅዳሜ፦ ይህን አስጠንቅቃችሁ

«ሁለት ሴቶች» የ1960 ፊልም ነው። ከአልቤርቶ ሞራቪያ ልብወለድ የተወሰደ፤ አዘጋጁ አሁንም ዴ ሲካ። ቼዚራ የምትባል ባለሱቅ ባሏ የሞተባት ሴት ሮም በቦንብ ስትደበደብ የአሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ዓመት ልጇን ይዛ ወደ ገጠር ትሸሻለች። መጀመሪያ ሶፊያ የታሰበችው ለልጅቱ ቦታ ነበር። እናቲቱን አና ማኛኒ እንድትሠራ ጠየቋት፤ እምቢ አለች። በሃያ አምስት ዓመቷ እናት ሁና ገባችበት።

ሁለተኛው ጥፋቴ እዚህ ነው። ለሰዎቼ ምንም ሳልነግር ከፈትኩት። ጦርነቱ ከአካባቢው ካለፈ በኋላ እናትና ልጅ ወደ ሮም ሲመለሱ፣ ፈርሶ የተተወ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አረፍ ባሉበት ወታደሮች ይደፍሯቸዋል። ፊልሙ ብዙውን አያሳይም፤ ግን ይበቃል። እትዬ በለጡ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወጡ። ሽንት ቤት መስሎኝ ነበር። ቆየት ብዬ ስወጣ ግቢው ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ምን ሆኑ አልኩ። «ውሃ ስጪኝ» አሉ። ሰጠኋቸው። ሌላ አልጠየቅኩም፤ ሌላም አልነገሩኝም። የዚያን ቀን ፊልሙን አልጨረስነውም።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ንገሯቸው። በዚህ ፊልም ምስጢር መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። ልጅ ከቤት ይውጣ። አንድ አምፖል ይብራ። ቤተ ክርስቲያኑ ሊመጣ ሲል «አሁን ነው» በሉ፤ መውጣት የሚፈልግ ይወጣል። በሁለተኛው ሙከራ እትዬ በለጡ ራሳቸው «አሁን ነው» ስል ተነስተው ቡና ማፍላት ጀመሩ። ሲያበቃ ጀበናውን ይዘው ተመለሱና ቀሪውን አዩ።

ልብሱን እዩ። ሴትየዋ መጀመሪያ በሥርዓት የለበሰች የከተማ ባለሱቅ ናት። ሻንጣዋን አናቷ ላይ ተሸክማ በፀሐይ ስትሄድ ቀሚሱ ከቀን ቀን ይሞታል። ጠርዙ ይለቃል፤ አቧራ ይጠጣል። ወደ መጨረሻው መንገድ መሃል ተንበርክካ ስታለቅስ ያ ጨርቅ ልብስ መሆኑ ራሱ ይረሳል። እኔ በሠላሳ ዓመት ብዙ ልብስ አድሻለሁ፤ ልብስ እንደዚህ ሲያልቅ ፊልም ላይ ያየሁት ያኔ ነው። ፎቶዬ ላይ ያለው ቀሚስ ከዚያ ወዲህ ትንሽ አስጠላኝ።

ለዚህ ሥራ ኦስካር ወሰደች፤ ሽልማቱ የተሰጠው ሚያዝያ 1962 ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ባልተሠራ ፊልም በትወና ኦስካር ያገኘ ከእሷ በፊት አልነበረም። ሥነ ሥርዓቱ ላይ አልሄደችም። ብወድቅ ቤቴ ልውደቅ ብላ ሮም ቀረች፤ የምሥራቹን በስልክ የነገራት ኬሪ ግራንት ነው።

አራተኛ ቅዳሜ፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ

ከዚያ ሐዘን በኋላ ሰዉን ማሳቅ ግድ ነው። የ1963ቱ «ትናንት፣ ዛሬና ነገ» ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ዴ ሲካ፣ ሶፊያ፣ ማርቼሎ ማስትሮያኒ። ሦስት ታሪክ፣ ሦስት ሴት፣ ሦስቱንም እሷ። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፤ በየታሪኩ መጀመሪያ አንድ ዙር ቡና ይቀዳ።

ከአቦል ጋር አዴሊናን። ናፖሊ ውስጥ የኮንትሮባንድ ሲጋራ ትሸጣለች። እርጉዝና አራስ እስር ቤት አይገቡም በሚል ሕግ በየዓመቱ እያረገዘች ፖሊስ ታመልጣለች። የሚደክመው ባልየው ነው። በመጨረሻ ስትታሰር ሰፈርተኛው ገንዘብ ያዋጣላታል። «እድር አላቸው ማለት ነው» አሉ ጋሽ ተፈራ። ባርኔጣቸውን ያወለቁት ያን ቀን ነው።

ከቶና ጋር አና፤ የሚላኖ ሀብታም። አጭር ነው፤ ልብሱ የሚገርም፣ ሴትየዋ ባዶ። ከአዴሊና ቀጥሎ ስታዩአት አንድ ሰው ናት ብላችሁ አታምኑም።

ለበረካ ማራ ትመጣለች። እዚህም ልጆች ይውጡ። ማራ የሮም ሴተኛ አዳሪ ናት። ደንበኛዋ ፊት ልብሷን አንድ በአንድ ታወልቃለች፤ ማስትሮያኒ አልጋው ላይ እንደ ውሻ ይጮኻል። ከዚያ ድንገት ታቆማለች። ስለት አለባት! የጎረቤቷ የልጅ ልጅ ወደ ክህነት ትምህርቱ ይመለስ ብላ ለሳምንት ያህል ተስላለች። ሜሮን ይህን ስትተረጉም እያፈረች ነበር። እትዬ በለጡ ግን ፍርድ ሰጡ፤ «ስለት ከሆነ ልክ ናት። ይልበስ፣ ይሂድ።»

አምስተኛ ቅዳሜ፦ ፍቺ የሌለበት አገር

በ1964 «ጋብቻ በጣልያን ወግ»ን ሠርታለች፤ ይሄም ከማስትሮያኒ ጋር ነው። ሙሉውን እዩት፤ ማብራሪያ ብዙ አይፈልግም። አንዲት ሴት ልትሞት ያጣጣረች መስላ ተኝታ ሰውየውን ታስሞሽራለች። ሦስት ልጆች አሏት፤ አንዱ የእሱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አትነግረውም። የኔ ሰዎች የትኛው ነው ብለው ገንዘብ ሊወራረዱ ነበር።

የራሷን ጋብቻ ግን ዛሬ ንገሯቸው። ካርሎ ፖንቲ ቀድሞ ሚስት ነበረው፤ በዚያ ጊዜ ጣልያን ውስጥ ፍቺ የሚፈቅድ ሕግ አልነበረም። በ1957 ሜክሲኮ ውስጥ እነሱ ሳይገኙ በወኪል ተጋቡ። ጣልያን ሁለት ሚስት አግብተሃል ብላ ከሰሰች። በ1962 ጋብቻው ፈረሰ። በኋላ የፈረንሳይ ዜግነት ወሰዱና በ1966 እንደገና ተጋቡ። እሱ በ2007 እስኪሞት አብረው ኖሩ።

ሌላም መደበቅ የሌለባችሁ ነገር አለ። ታናሽ እህቷ ማሪያ በ1962 ያገባችው ሮማኖ የሚባል የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ነው። የአባቱ ስም ሙሶሎኒ። አዎ፣ ያው ሙሶሎኒ። እኔ እንዳልናገረው አስቤ ነበር፤ ሜሮን ግን ስልኳ ላይ አግኝታ ጮክ ብላ አነበበችው። ጋሽ ተፈራ ባርኔጣቸውን አንስተው ቆሙ። ሳሎኑ ጸጥ አለ። እትዬ በለጡ ኮታቸውን ይዘው «ተቀመጥ አንተ፣ ቶናው አልወጣም» አሏቸው። ተቀመጡ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ይመጣሉ ብዬ ግን አልጠበቅኩም።

ስድስተኛ ቅዳሜ፦ የቁልፉ ሥዕል

የመጨረሻው የ1977ቱ «ልዩ ቀን» ይሁን፤ አዘጋጁ ኤቶሬ ስኮላ። ከቻላችሁ በሚያዝያ 27፣ በድል በዓል ሰሞን እዩት። ፊልሙ የሚያወራው በሜይ 1938 መጀመሪያ፣ በእኛ በ1930 ዓ.ም. ሚያዝያ መገባደጃ ስለሆነው አንድ ቀን ነው። ሂትለር ሮም መጥቶ ከሙሶሎኒ ጋር ሰልፍ ያያል። ያኔ አዲስ አበባ በጣልያን እጅ ከገባች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ የአክሱም ሐውልትም ተወስዶ እዚያው ሮም ቆሟል። ይህን ሁሉ ፊልሙ አይነግራችሁም። እናንተ ንገሯቸው።

ጋሽ ተፈራ መጡ። በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

አንቶኒዬታ የስድስት ልጆች እናት ናት። ባሏም ልጆቿም ጥቁር ሸሚዝ ለብሰው ሰልፍ ይወጣሉ፤ እሷ ቤት ትቀራለች። ሳህን፣ አልጋ፣ ልብስ። ወፏ ታመልጥና ማዶ የሚኖር ጎረቤት መስኮት ላይ ታርፋለች። ጎረቤቱ ማስትሮያኒ ነው። የሬዲዮ አስተዋዋቂ ነበር፤ መንግሥት እንደ አንተ ያለ ሰው አንፈልግም ብሎ ከሥራ አባሮታል፤ የዚያን ቀን ማታ ወደ ግዞት ይወስዱታል። ሁለቱ ቡና ይጠጣሉ። ቡናውን በእጅ መፍጫ የሚፈጨው እሱ ነው፤ እትዬ በለጡ ፍጨቱን አልወደዱለትም። ጣራ ላይ የተሰጣ አንሶላ ያጣጥፋሉ። ከውጭ ቀኑን ሙሉ የሰልፉ ሬዲዮ ይጮኻል። ሌላ ምንም አይሆንም ማለት ይቻላል፤ ግን ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ሶፊያ እዚህ አርባዎቹ ውስጥ ናት። ኩል የለም፣ ወገብ የለም። የቤት ልብስ፣ የደከመ ፀጉር። ከአምስቱ ቅዳሜ በኋላ ይህን ስታዩ ያቺ ሴት ምን ሁሉ እንዳወለቀች ይገባችኋል። በዚህ ፊልም ብትጀምሩ ኖሮ አንዲት የደከመች የቤት እመቤት ብቻ ናት። ለዚህ ነው ወደ መጨረሻ ያስቀመጥኩት።

አንድ ቦታ ላይ ፊልሙን ቆም አድርጉት። ቤቷ ውስጥ የሙሶሎኒ ሥዕል አለ፤ ከልብስ ቁልፍ የሠራችው። በደንብ እዩት። እኔ ስንት ቁልፍ እንደፈጀ ልቆጥር ሞክሬ ተውኩት። ስንት ማታ ቁጭ ብላ፣ ዓይኗ እያነባ፣ ቁልፍ በቁልፍ የዚያን ሰው ፊት ሰፍታለች። መርፌ የያዘ ሰው ያንን ድካም ያውቀዋል። ከዚያ ያንን ያህል የለፋችለት መንግሥት አብሯት ቡና የጠጣውን ሰው ሊወስድ ይመጣል፤ እሷ በመስኮት ታያለች። የሰጣትን መጽሐፍ ትንሽ ታነባለች። መብራቱን ታጠፋና ባሏ አጠገብ ትተኛለች።

ፕሮጀክተሩን አጠፋሁ። ማንም ቡና አልጠየቀም። ሜሮን ከዚህ በኋላ ምን ሠራች ብላ ስትጠይቀኝ ነገርኳት፤ በ1991 ለሙሉ ሥራዋ የክብር ኦስካር ተሰጣት፤ በ2020 በሰማንያ ስድስት ዓመቷ ልጇ ኤድዋርዶ ባዘጋጀው ፊልም ላይ አንዲት አሮጊት ሆና ተጫወተች። የ2020ው ለብቻችሁ የምታዩት ነው፤ ቅዳሜ ላይ አይግባ። እንግዶቼ ጫማቸውን እየፈለጉ ነበር። ጋሽ ተፈራ ኮታቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆሙ።

«ያን የቁልፍ ሥዕል በኋላ ምን አደረገችው?» አሉኝ።

«ፊልሙ አይናገርም ጋሼ» አልኳቸው።

ሰኞ ጠዋት ሱቅ ስከፍት ቀድመውኝ በሩ ላይ ቆመዋል። ያንኑ ኮት ይዘዋል፤ የደረቱ ቁልፍ ወልቋል። ትከይልኝ አሉ። እኔ ክር እስክመርጥ ድረስ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ቆመው ሲያዩት ቆዩ።